ዋጋ ለጣፊው

ከቦነስ አይረስ ደቡብ፣ ከጥቁሩ ወንዝ ማዶ፣
ሱቁ ሳይከፈት ገና፣ የሌሊቱ ዳቦ በርዶ፣
ኦስማር በጓሮ በር ቁልፉን ይዞ ይገባል፤
በወገቡ ሽጉጥ አለ፤ ሲተኩሱት ዋጋ ይተፋል።

ሰው አይገድልም ሽጉጡ፤ ጥይቱ ትንሽ ወረቀት፤
ቅርጭ ቅርጭ ይላል ብቻ በዘይቱ ጠርሙስ አናት።
ትናንት የለጠፈው ዋጋ ሙጫው እንኳ ሳይደርቅ፣
ዛሬ ሌላ ይደርባል፣ ከእጅ ይበልጥ የሚርቅ።
የቲማቲሙ ጣሳ በወረቀት ወፈረ፤
የገዢው ቀበቶ ደግሞ ቀዳዳ ጨመረ።

ሥራ አስኪያጁ በየሰዓቱ ስልክ ያነሳና
"ዶላር ስንት ገባ?" ይላል፤ ስልኩን ሳይዘጋው ገና፣
"ኦስማር! ከሩዙ ጀምር፤ ከዚያ ወደ ሳሙና!"

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ሴቶቹ ይሮጣሉ፣
ነጠላ ጫማ እንዳጠለቁ፣ ጸጉራቸውን እንደጠቀለሉ።
ኦስማር ያልደረሰበት መደርደሪያ የት አለ?
ያልተነካ ፓስታ ካለ ማን ቀደመ? ማን ዘለለ?
ከሁሉም የምትፈጥነው ዶና ኤርሜሊንዳ ናት፣
ጉልበቷን ስጋ ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት የበላባት።
"ልጄ፣ ይሄ ስኳር የጠዋት ነው" ትለዋለች ስታልፈው።
እሱ ጎንበስ ይላል ያኔ፤ የጫማውን ክር ይፈታል፤
ወይም "ሽጉጡ ነከሰ" ብሎ ከግድግዳ ጋር ይመታል።
ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ደቂቃ ምንም አይደለችም፤
ለእሷ ግን ኪሎ ስኳር ናት፤ ሌላ ስም የላትም።

ሠፈሩ እንደ ጠንቋይ ያየዋል፤ ሲመሽ በሩን ያንኳኳል፤
"ነገ የሚጨምረው ምንድነው? ዱቄት ይሻላል? ምስር ይሻላል?"
እሱ ግን የሚያውቀው አንድ ነው፦ ደመወዝ ይመጣል በወር፤
ዋጋ ይመጣል በሰዓት፤ ሁለቱ አይገናኙም በአንድ በር።
ሚስቱ ኖርማ በክፍያው ቀን ከሱቁ ደጅ ትጠብቀዋለች፤
በረዶ በእጁ እንደያዘ ሰው፣ ሳይቀልጥባት ትሮጣለች።

ማታ ሲገባ ቤቱ (ቤቱ ስል፣ የራሱ አይደለም፤
ከሶፋ ሰፊው በላይ ሁለት ክፍል ነው፣ በረንዳ የለም)
አከራዩ ሴኞር ስካርፓቲ ደረጃው ላይ ቆሟል፤
ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ አጎንብሷል።
"አትቀየመኝ ኦስማር፤ እኔም መድኃኒት እገዛለሁ፤
ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩን በዶላር እቀበላለሁ።"

እዚህ ላይ ስንኙ ቤት ሊመታ ይገባ ነበር፤
አልመታም። ቤቱን ሌላ ሰው በዶላር ተከራይቶታል።

ሚርታ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ሽጉጡን ከካፖርቱ ሰረቀች፤
ወንበሩን፣ ድስቱን ለጠፈች፤ ውሻውንም አልማረች።
ኦስማር ወንበር ላይ ተኝቷል፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፤
ግንባሩ ላይ ቅርጭ! አደረገችው። እሱ አልነቃም፤
እሷ ፍርስ አለች በሳቅ።

ጠዋት መስታወት አላየም። መብራት የለም። አውቶቡሱ ሞላ።
ተሳፋሪው አየው፣ ዝም አለ፤ ማን ይስቃል ሳይበላ?

ሱቅ ውስጥ ኤርሜሊንዳ ጋሪዋን ድንገት አቆመች፤
መነጽሯን ከደረቷ አውጥታ ግንባሩን አነበበች።
"የግማሽ ኪሎ ስኳር ነው" አለች፤ "ያውም የትናንቱ።
ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ ሲጨምር ነው ያደረው፤
አንተ ብቻ ነህ ባለህበት።"

ልትልጠው ጥፍሯን ሰደደች።
አልለቀቀም።
ሙጫው ደርቋል።